የሁለት ጾም ሩዝ

ሳህኑ ከሱሀይላ እጅ ወደ ራጉኤል፣ ከራጉኤል ደግሞ ወደ ሙዘሚል ሲሻገር ከእሷ በቀር ልብ ያለ ሰው አልነበረም።

በስደት ከተማቸው ጀርሚስተን ውስጥ፣ ከሀጂ አብዱልሀፊዝ የጅምላ መደብር ጀርባ ባለው ቤት፣ የረመዳን ገበታ እንደወትሮው ረጅምና ጫጫታ የበዛበት ነበር። ቴምሩ ተቀምሶ፣ መግሪብ ተሰግዶ፣ ሾርባው ተጠጥቶ፣ የሳምቡሳው ትሪ ለሁለተኛ ጊዜ መዞር ጀምሯል። ወንዶቹ ስፓዛ ስለሚባሉት የቴምቢሳ ትንንሽ የሰፈር ሱቆች ፈቃድ ይከራከራሉ፤ ከወዲያኛው ክፍል የሀጂ ሚስት የእትዬ ሸፊቃና የሌሎቹ ሴቶች ሳቅ ይሰማል። የሀጂ የወንድም ልጅ ሱሀይላ በዚያ ሁካታ መሃል ትሪ ይዛ ወጣች። በየሳህኑ ላይ ነጭ፣ ወዛም፣ ፍሬው እርስ በርሱ የተያያዘ ሩዝ በኩባያ ቅርጽ ተገልብጧል፤ በጎኑ የበሰለ ማንጎ በስሱ ተቆርጦ ተደርድሯል። ሳህኖቹን አድላ ስትጨርስ ማንቆርቆሪያ አንስታ በእያንዳንዱ ሩዝ ላይ ወፍራም ነጭ ፈሳሽ እያዞረች አንቆረቆረች።

ራጉኤል ጋ ስትደርስ ማንቆርቆሪያውን በሁለት እጇ ያዘችው፤ አንዱ እጅ ብቻውን የሚታመን አልመሰላትም። እሱ ቀና አለ። መጀመሪያ ማንቆርቆሪያውን፣ ቀጥሎ ሩዙን፣ በመጨረሻ እሷን አየ። ሱሀይላ ያን አስተያየት ከዚያ ምሽት በኋላ ስንት ጊዜ በሐሳቧ እንደገለበጠችው እሷም አታውቀውም። የተከዳ ሰው አስተያየት ይመስል ነበር፤ ከሩቅ ስሙ የተጠራ ሰው አስተያየትም ይመስል ነበር።

«እኔ ጠግቤያለሁ» አለና ሳህኑን በጣቱ ጫፍ እየገፋ አጠገቡ ወደተቀመጠው ሙዘሚል አስጠጋው። «ወንድሜ፣ አንተ ብላልኝ።»

«የሀጂ ሾፌር እንዲህ ቸር ነው እንዴ?» አለ ሙዘሚል። ቴምቢሳ ውስጥ ሱቆች ያሉት፣ ሳቁ ከወገቡ የሚነሳ፣ ክፋት የማያውቅ ሰው ነው። የራሱን ጨርሶ የራጉኤልንም ሳህን ጠራርጎ በላ። «ማሻአላህ። ሩዝ ነው ወይስ ኬክ? ይህን የሠራች እጅ ትባረክ።»

ሁሉም ወደ ሱሀይላ ዞረው ሳቁ፤ ሙዘሚል ለትዳር እንደጠየቃት፣ ቤተሰቡም መልስ እየጠበቀ እንደሆነ የማያውቅ በገበታው ዙሪያ አልነበረም። ራጉኤል ብቻ አልሳቀም። ሱሀይላ ባዶውን ትሪ ደረቷ ላይ አቅፋ ወደ ጓዳ ስትመለስ፣ በገዛ እጇ ያዘጋጀችው ነገር በእሷ ስም ለሌላ ሰው የተሰጠ መሰላት። የተሰጠው ደግሞ ሩዙ ብቻ አልመሰላትም።

*

ሩዙ ወደዚህ ቤት የገባው በስህተት ነበር። ሀጂ ከዓመት እስከ ዓመት የሚያከፋፍሉት የታይላንድ ሩዝ ፍሬው ረጅም፣ ሲበስል አንዱ ካንዱ የሚነጣጠል ነው። በዚያ የበጋ ወራት ከወደብ የመጣው ጭነት ግን ከረጢቱ ያንኑ ይምሰል እንጂ ውስጡ ሌላ ነበር። ይህን የደረሱበት የቴምቢሳ እመቤቶች ናቸው። እንደለመዱት በውሃ ቢቀቅሉት ድስታቸው ውስጥ እንደ ጭቃ ተጣበቀባቸው፤ ከረጢቱን እያሸከሙ ወደየሱቁ መለሱት። ራጉኤልም ጠዋት በባኪው፣ በትንሿ የጭነት መኪና፣ ያደረሰውን ከሰዓት መልሶ ይጭን ጀመር።

«አንዲት አሮጊት ጎጎ ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ?» አላት ያኔ፣ ከረጢቱን ከትከሻው እያወረደ። «‹ልጄ፣ ጣሪያዬ ያፈሳል፤ ቀዳዳውን በዚህ እደፍነዋለሁ፣ አንድ ከረጢት ጨምርልኝ› አለችኝ።»

«አንተስ ምን አልካት?»

«የጣሪያው ዓይነት ዋጋው ይለያል አልኳት።»

ሱሀይላ እየሳቀች በመጋዘኑ ደፍ ላይ ተቀመጠች። በመካከላቸው የነበረው ነገር ይኸው ነው፦ የማውረጃና የመጫኛ ሰዓት ላይ የምትገኝ ጥቂት ወሬ፣ ጥቂት ሳቅ፣ ከዚያም ሁለቱም አፋቸውን የሚዘጉባት ቅጽበት። ራጉኤል ጎንደር ላይ ታሪክ አስተምሯል፤ ዛሬ ሮዘተንቪል በተከራያት አንዲት ክፍል ያድራል፣ የሀጂን መኪና ይነዳል፣ አንገቱ ላይ ማተብ አለ። እሷ የሀጂ አደራ ናት፤ ከእሷ እምነት ውጭ የሆነ ሰው ባል ሊሆናት እንደማይችል ሕፃን ሆና ከተማረቻቸው ነገሮች አንዱ ነው። ስለዚህ ስለ ልባቸው አልተነጋገሩም። ያልተነገረው ነገር ግን በየዕለቱ ሲጠራቀም ከተነገረው ይልቅ ከባድ ሆኖ ነበር።

የተመለሰው ሩዝ ገዢ ያገኘው ሳይታሰብ ነው። ሳይረልዲን በሚገኘው የቻይናዎች ሰፈር ትንሽ ምግብ ቤት ያላት ኖይ የምትባል ታይላንዳዊት ወሬውን ሰምታ መጣች። ከረጢቱን ከፍታ ፍሬውን መዳፏ ላይ አፈሰሰችና ሱሀይላን በሐዘን አየቻት።

«ይህን በውሃ ቀቀላችሁት?»

«ሰው ሁሉ ቀቅሎታል።»

«ምስኪን ሩዝ» አለች ኖይ።

በማግስቱ ሱሀይላን ምግብ ቤቷ ወስዳ አሳየቻት። ሩዙ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ያድራል፤ ከዚያ በኋላ ግን ውሃ አይነካውም፤ በንጹሕ ጨርቅ ላይ ተዘርግቶ በእንፋሎት ብቻ ይበስላል። ትኩስ እንዳለ የኮኮናት ጭማቂ፣ ስኳርና ጨው ይገባበትና ተከድኖ ይተዋል፤ ፈሳሹን በራሱ ጊዜ ጠጥቶ ይጨርሳል። በላዩ የሚፈሰው ወፍራሙ የኮኮናት ጭማቂ ደግሞ ጨው ጠንከር ይልበታል፤ የማንጎውን ጣፋጭነት የሚያወጣው ጨው ነው። ሱሀይላ ልታነሳ ስትሞክር ኖይ እጇን ቸብ እያደረገች፣ «አትቸኩይ፣ አሁን እየጠጣ ነው» ትላታለች፤ ስለ ሕፃን እንደሚናገር ሰው።

ለሱሀይላ ሌላ ሐሳብ የመጣላት ያን ጊዜ ነው። በዚህ ነገር ውስጥ ቅቤ የለም፣ እንቁላል የለም፣ የላም ወተት የለም። በዚያ ዓመት ረመዳንና ሁዳዴ ገጥመዋል። እሷ ጀምበር እስክትጠልቅ ምንም አትቀምስም፤ ራጉኤል ደግሞ ጀምበር ብትጠልቅም የፍስክ አይነካም። ሁልጊዜ በሀጂ ገበታ ላይ ጣፋጩ ትሪ ሲመጣ እሱ አንድ ቴምር ያነሳና የሌሎቹን አፍ ላለማየት ስልኩን ያያል። በዓመቱ ውስጥ ሁለቱም አንድ ነገር ከአንድ ትሪ አንስተው የሚቀምሱባት ቀዳዳ በዚህ ሩዝ በኩል ብቻ የተከፈተች መሰላት።

ማንጎው የወቅቱ መጨረሻ ስለነበር መርጣ ገዛች። ጾመኛ ናትና የጨውን ልክ በምላሷ ሳይሆን በአፍንጫዋና በኖይ የእጅ መጠን አደረገችው። አንድ ነገር ግን ማድረግ አልቻለችም። «ይህ የጾም ነው፣ ለራጉኤልም ይሆናል» ብላ በዚያ ገበታ ላይ፣ ሙዘሚልና እናቱ በተገኙበት፣ መናገር አልቻለችም። ይህን መናገር የሠራችው ለማን እንደሆነ መናገር ነው። እሱ እንደሚያውቅ፣ እሷ ለእሱ የማይሆን ነገር እንደማታቀርብ እንደሚያምን እርግጠኛ ነበረች። እርግጠኝነቷ ሳህኑ እስኪሻገር ድረስ ቆየ።

*

በማግስቱ ጠዋት ራጉኤል የጭነት ወረቀት ሊቀበል መጣ።

«እንደምን አደሩ» አላት።

ሱሀይላ ወደ ኋላዋ ዞር አለች፤ ሀጂ የቆሙ መስሏት ነበር። ማንም የለም። አንቺ ሲላት የኖረ ሰው በአንድ ሌሊት አንቱ ብሏታል። ቃሉ አክብሮት ነው፤ ሰው በአክብሮት እንዲህ ሊመታ እንደሚችል ግን ከዚያ ቀን በፊት አታውቅም ነበር።

ቀጥሎ ባሉት ቀናት ሱሀይላ ምክንያት ስትፈልግ ከረመች። ከሙስሊም እጅ አልበላም ብሎ ይሆን? እንዳይባል፣ በእሷ እጅ የተሠራ ሽሮ ሲበላ ኖሯል፤ በጾሙ ቀን ለብቻው ከፍ ብሎ የሚቀመጥለትን ሳህን የምትከድነው እሷ ናት። ጠግቦ ነበር? ጾሙን የያዘ፣ ከባኪው ወርዶ የመጣ ሰው በሁለት የምስር ሳምቡሳ አይጠግብም። እንግዲህ የቀረው ሦስተኛው ነው፤ እሱን ላለማሰብ ስትል ዕቃ ደጋግማ ታጥባለች። ሳህኑን ከሌላ ሰው ሁሉ ለይቶ ለሙዘሚል የሰጠው እሷን መስጠቱ ይሆን? «ብላልኝ» ያለው ድምፅ የማን ድምፅ ነበር፤ የቀና ሰው ወይስ የተገላገለ ሰው? ስልኳ ላይ «ለምን?» ብላ ትጽፍና ታጠፋዋለች። የጠፋችው ቃል ግን ከሐሳቧ አትጠፋም። ምክንያቶቹ አንዱ ሌላውን እያፈረሱ ይመጣሉ፤ ፍርስራሹ መሃል የሚቀረው ያ አስተያየት ብቻ ነው፤ ማንቆርቆሪያውን፣ ሩዙን፣ ከዚያ እሷን ያየበት።

ሀጂ አብዱልሀፊዝ አንድ ቀን ከዐስር ሰላት በኋላ መደብሩ ውስጥ ጠሯት። ጢማቸውን በጣታቸው አበጠሩ።

«የሙዘሚል ሰዎች አርብ ካፈጠርን በኋላ ይመጣሉ። ልጁ ይሰግዳል፣ ይሠራል፣ ይስቃል። ምን ጎደለው?»

«ምንም አልጎደለውም፣ አጎቴ።»

«ታዲያ እሺ ልበላቸው?»

«እንጃ።»

«እንጃ መልስ አይደለም። አባትሽ አደራ ሲሰጠኝ ‹አታስገድዳት› ብሎኛል፤ አላስገድድሽም። ግን ሽማግሌ ሳሎን አስቀምጬ እንጃ አልልም። እሺም ሆነ እምቢ፣ አርብ አንድ ቃል ትሰጪኛለሽ።» ከዚያ እየተነሱ አከሉ፦ «እናትየዋ ያን የማንጎ ነገር ለአርብ ደግሞ ብትሠራልን ብላለች። ልጇ እስካሁን ስለ እሱ ያወራል አሉ።»

ሱሀይላ «እሺ» አለች። ለሩዙ እሺ ማለቷ ነበር። በቀላሉ ከአፏ የወጣችው እሺ ያቺ ብቻ ነበረች።

*

አርብ ከሰዓት በኋላ ጓዳው በእንፋሎት ታፍኗል። ሩዙ በጨርቁ ላይ እየበሰለ፣ የኮኮናቱ ጭማቂ በማንቆርቆሪያ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። ራጉኤል የማንጎ ካርቶን ተሸክሞ በጓሮ በር ገባ።

«እትዬ ሸፊቃ ጥሩውን መርጠህ አምጣ ብለውኛል። ዛሬ መልስ የሚሰጥበት ቀን ነው አሉኝ» አለ ካርቶኑን እያስቀመጠ። «እንደምን ዋሉ።»

«እኔ አንቱ የሆንኩት መቼ ነው?» አለች ሱሀይላ ከድስቱ ሳትዞር።

ራጉኤል የካርቶኑን ክዳን መልሶ ዘጋ።

«ሳህኔን ለሙዘሚል የሰጠህ ቀን ነው?»

«ሳህንሽን አልሰጠሁም» አለ ራጉኤል። ድምፁ የሻከረ ነበር። «ከፊቴ ልገፋው ነበር የፈለግሁት። አጠገቤ እሱ ተቀምጦ ስለነበር ነው።»

«ከፊትህ የሚገፋ ነገር ነበር?»

ራጉኤል በሩ ላይ ሊመለስ እንዳለ ሰው ሆኖ ቆመ፤ ከዚያ ወሰነ። አንድ ሰው ሲወስን ከፊቱ ላይ የሚጠፋ ነገር አለ፤ ሱሀይላ ያ ነገር ሲጠፋ አየች።

«ስጪኝ» አላት።

«ምን?»

«ያን ቀን ያልበላሁትን።»

ግራ ገባት። ሩዙን በሳህን አወጣች፣ ከመጣው ማንጎ አንዱን ላጠች፣ ከማንቆርቆሪያው አንቆረቆረችበት። ሳህኑን ስትዘረጋለት ራጉኤል አንገቱ ላይ የነበረውን ማተብ በጣቱ ይዞ ከሸሚዙ ሥር፣ ከቆዳው ጋር አስገባው። ያን ያደረገው በጥንቃቄ፣ እንዳያይ የሚፈልጉትን ሰው ዓይን እንደመሸፈን አድርጎ ነው። ከዚያ ቆሞ መብላት ጀመረ። አላጣጣመም፣ በቅጡ አላኘከም፤ ሐኪም ያዘዘውን እንደሚውጥ ሰው በላ። ጾመኛ ፊት እንዲህ ሲበላ አይታው አታውቅም፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ውሃ እንኳ ዞር ብሎ ነበር የሚጠጣው። ሳህኑ ባዶ ሲሆን ዓይኖቹ እንባ አቅርረው ነበር።

«በላሁ» አለ። «የጠየቅሽኝን አድርጌያለሁ። ከእንግዲህ ያለውን ለሀጂ አንቺ ንገሪልኝ፤ ሼሁ በል የሚሉኝን እላለሁ። እናቴ ትሰማለች፤ እሱንም አስቤበታለሁ።»

«ራጉኤል፣ ምን ጠየቅሁህ?»

«በሁዳዴ ወተት አፈሰስሽልኝ።»

ሱሀይላ ወደ ባዶው ሳህን አየች።

«እኔ በዚህ ቤት ወተት ተሳስቶ ወደ ኩባያዬ እንዳያልፍ የምትጠብቂው አንቺ ነበርሽ» አለ እሱ፤ አሁን ከአንደበቱ የሚወጣው ነገር ብዙ ቀን ሲደረደር የከረመ መሆኑ ይታወቃል። «የእኔን ሻይ ከትንሿ ማንቆርቆሪያ፣ የሌላውን ከወተቱ ማንቆርቆሪያ የምትቀጂው አንቺ ነሽ። ሀጂ እንኳ ሲረሱ ‹ኧረ የእሱ ከዚህኛው ነው› ትይ ነበር። ያቺው አንቺ በሰው ሁሉ ፊት፣ የሚያጭሽ ሰው አጠገቤ ተቀምጦ፣ በወተቱ ማንቆርቆሪያ ቀዳሽልኝ። ምንም አላልሽም፣ ዓይኔን ብቻ አየሽ። ምን ብዬ ላንብበው? ወይ ‹ከእንግዲህ አልጠብቅህም፣ እንደማንም ሁን› ማለት ነው፤ ወይ ‹ከፈለግኸኝ ተሻገር› ማለት ነው። የመጀመሪያው እንዳይሆን ለመንኩ። ሁለተኛው ይሁን ብዬ ተቀበልኩ። ያን ቀን አልቻልኩም፤ ዛሬ ቻልኩ።»

ሱሀይላ ማንቆርቆሪያውን አየችው። ያን ምሽት እንግዳ በዝቶ ትንሿ በጭማቂ ተይዛ ነበርና ትልቁን በፈላ ውሃ ደጋግማ አጥባ ነበር የተጠቀመችበት። እጇ ላይ ምን እንደያዘች አንድም ጊዜ አላሰበችም። እሱ በጣም የሚያውቃት በዚያ ማንቆርቆሪያ መሆኑን አላሰበችም።

ከመደርደሪያው ሥር ከኮኮናቱ ቅርፊት አንዱን አነሳች፤ ውስጡ እስካሁን እርጥብ ነበር። መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት።

«ወተት አይደለም። ይህ ነው» አለች። ድምፅዋ ሳቅ ይሁን ለቅሶ አልለይ አላት። «ተፍቆ ይጨመቃል። ከብት አልነካውም። ሩዙም፣ ስኳሩም፣ ሁሉም የጾም ነው። ለዚህ ነው የሠራሁት፤ አንተ እኛ በምንበላበት ሰዓት እኛ የምንበላውን እንድትበላ። ይህን ብቻ ነው የፈለግሁት። ሌላ ምንም አልጠየቅሁህም።»

ራጉኤል ቅርፊቱን አገላበጠ፣ አሸተተው። ከዚያ የሩዝ ከረጢት ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«ታዲያ አሁን ምንድን ነው ያደረግሁት?»

«ምንም አላደረግህም። ጾምህን አልገደፍክም።»

«በአፌ አልገደፍኩም» አለ። «ሳምንቱን ሙሉ ግን ወጥቼ ሄጄ ነበር፣ ሱሀይላ። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆሜ ሳልሳለም ተመልሻለሁ፤ ‹የምሄድ ሰው ምን አሳለመኝ› ብዬ። እናቴን በሐሳቤ ተሰናብቻታለሁ። አሁን ማንም አልጠራህም ትይኛለሽ። ያልተጠራ ሰው ሄዶ ሲመለስ ወዴት ነው የሚመለሰው?»

ሱሀይላ ከፊቱ በርከክ አለች። በልቧ ውስጥ የነበረው ነገር እርስ በርሱ የሚቃረን ነበር፤ አንዱም ደግሞ ውሸት አልነበረም። ይህን ያህል ወዷታል፤ ይህ ደስታ ነው። ለዚህ ስትል ከእናቱ ልትነጥለው ነበር፤ ይህ ሐፍረት ነው። ከሁለቱ በታች ደግሞ አንዲት ትንሽ፣ ለማንም የማትናገራት ድምፅ ነበረች፦ ምነው ወተት በሆነ። ወተት ቢሆን ኖሮ ሁሉም ነገር አልቆ፣ እሱ ተሻግሮ፣ አጎቷ አቅፈውት፣ እሷ ምንም ሳትጠይቅ ሁሉን አግኝታ ነበር። ያቺን ድምፅ ስትሰማ በራሷ ደነገጠች።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለ ራጉኤል፣ ያሰበችውን የሰማ ይመስል። «ወተት ቢሆን ኖሮ ደስ ይልሽ ነበር?»

«እምነቴ ደስ ይበልሽ ይለኛል።»

«አንቺስ?»

«ማተብህን ስትደብቅ አየሁህ። ምን እያደረግህ እንደሆነ አላወቅሁም ነበር፤ ግን እጄ ላይ የነበረው ሳህን ከበደኝ። ደስ የሚለው ሰው እንዲያ አይከብደውም።» ትንፋሽ ወሰደች። «ግን ደስ አይለኝም ብዬም አልምልም። እውነቱን ከፈለግህ ይኸው ነው፤ አላውቅም።»

ራጉኤል ራሱን ነቀነቀ። ጣቱ ሳያስበው ወደ አንገቱ ሄደ፤ ማተቡን ግን አላወጣውም፣ አልለቀቀውምም።

«እኔም እውነቱን ልንገርሽ» አለ። «ያ ዛሬ የበላው ሰው በሙሉ ልቡ ነበር የበላው። ነገም ያን ሰው በውስጤ እንደማገኘው ግን አላውቅም። ወተት መሆኑን እያወቅሁ ደግመሽ ብትሰጪኝ… እንጃ። አንድ ጊዜ ነበር ድፍረቱ፤ በኮኮናት ላይ አባከንኩት።»

ሁለቱም ሳይፈልጉ ሳቁ። ሳቁ ብዙ አልቆየም፤ ሲያልቅ ከመጀመሪያው የባሰ ባዶ ትቶላቸው ሄደ። ከሳሎኑ የእትዬ ሸፊቃ ድምፅ መጣ፦ «አንቺ ልጅ፣ ያ ድስት ውሃ ጨርሷል መሰለኝ፣ ይሸተኛል።» ሱሀይላ ዘላ ተነሳች። ድስቱን አውርዳ ስትዞር ራጉኤል በሩ ላይ ነበር።

«የእኔን ነገር መልስሽ ውስጥ አታስገቢው» አላት። «እሺ ካልሽም፣ እምቢ ካልሽም፣ የራስሽ ይሁን።»

ይህን ማለቱ ነፃ ሊያወጣት መሆኑ ገባት። ለምን እንደተጣለች ያህል እንደተሰማት ግን አልገባትም።

*

ጀምበር ጠለቀች። ካፈጠሩ በኋላ ሽማግሌዎቹ መጡ፤ ሰግደው፣ ሻይ ጠጥተው፣ ስለ ዝናቡና ስለ መንገዱ ተጨዋውተው አበቁ። ሙዘሚል አዲስ ጀለቢያ ለብሶ ከመካከላቸው እንደ ተማሪ ተቀምጧል። ሀጂ «አንዴ ይቅርታ» ብለው ተነሥተው ጓዳ ገቡና መጋረጃውን መለሱ።

«ምን ልበላቸው?»

«ይቅርታ በሉልኝ። አልችልም።»

«ምክንያቱን ይጠይቁኛል።»

«እሺ ለማለት አንድ ነገር ማወቅ አለብኝ፣ አጎቴ። ዛሬ ግን የማውቀው አንድም ነገር የለም። ጥሩ ልጅ ነው፤ በእንጃ ልገባበት አልፈልግም።»

ሀጂ ትክ ብለው አዩዋት። «ሌላ ሰው አለ?»

ሱሀይላ ለመዋሸት አስባ ነበር፤ የቱ ውሸት የቱ እውነት እንደሆነ ግን መለየት አልቻለችም።

«አለ ብልዎት እዋሻለሁ። የለም ብልዎትም እዋሻለሁ።»

ቁጣ ጠብቃ ነበር፤ ፊታቸው ላይ ያየችው ግን ድካም ነበር፤ ከድካሙ ሥር ደግሞ ስም ያልሰጠችው ሌላ ነገር።

«ሰዎቹ መልሱን በባዶ አፋቸው አይቀበሉም» አሉ። «ያን ጣፋጭ አብዝተሽ አቅርቢ። ለሙዘሚል ደግሞ ሁለት ሳህን አድርጊለት፤ ምንም አልበደለም።» መጋረጃውን ገልጠው ሊወጡ ሲሉ ቆሙ። «ያ ሾፌር ልጅ ከመግሪብ በፊት ጀምሮ ግቢው ላይ ባኪው ውስጥ ተቀምጧል። ወይ ይሂድ፣ ወይ እንደ ሰው ገብቶ ይቀመጥ። የሚነግረው ሰው ግን እኔ አልሆንም። ምን እንደምፈልግ ስለማውቅ፣ በአንቺ ፈንታ እንዳልመርጥ፣ እኔ አልሆንም።»

ሱሀይላ ትሪውን ወደ ሳሎን አስገባች፤ ለሙዘሚል ሁለት ሳህን አስቀመጠችለት። ቀና ብሎ ፈገግ አለላት፤ ገና አልሰማም። ያ ፈገግታ ጀርባዋ ላይ እንዳለ ጓዳውን አቋርጣ የጓሮውን በር ከፈተች። አየሩ ዝናብ ይሸታል። ባኪው ውስጥ ያለው ሰው መሪውን ይዞ ተደፍቷል፤ ሞተሩ አልተነሳም።

ሂድ ልትለው እንደሆነ አሰበች። ግባ ልትለው እንደሆነ አሰበች። ሁለቱም ቃላት ምላሷ ላይ ነበሩ፤ ክብደታቸው እኩል ነው፤ አንዱን ሳትመርጥ አንድ እርምጃ ብትራመድ በመንገድ ላይ ይለያሉ ብላ ተስፋ አደረገች። ፈርታለች። ደረጃውን ወረደች፤ አልተለዩም። እሱ የጫማዋን ድምፅ ሰምቶ ራሱን ከመሪው ላይ አነሳ፤ እሷም የምትለውን ሳታውቅ፣ ሳትመለስም፣ ወደ እሱ ሄደች።